አረንጓዴ አደይ

ባለቤቴ ፍስሐ የሞተው ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ደግሞ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት እስከ ሰባ ዘጠኝ ድረስ ሙት ዓመቱ አልወጣም። አርባውን አውጥተናል። ከዚያ በኋላ ግን ጳጉሜ አምስት በመጣ ቁጥር እናቱ እማማ ሸዋረገጥ፣ «ይህ የልጄ ቀን አይደለም» ይላሉ። ቀኑ ካልመጣ ዓመቱ አልሞላም፤ ዓመቱ ካልሞላ ከል አይወልቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታቲስቲክስ ተምሬያለሁ፤ ዓመት መቼ እንደሚሞላ አላጣሁትም። የሚከራከር ሰው ግን ውስጤ አልነበረም።

ሐዘን ያቃጥላል ሲባል እሰማለሁ። እኔን አላቃጠለኝም። እጅ ሲደነዝዝ የራስ መሆኑ ይታያል እንጂ አይሰማም፤ እንደዚያ ነበርኩ። ፍስሐ ሐኪም ነበር። ወደ ሰሜን ግዳጅ ሄደ፣ መርዶው መጣ፣ አስከሬኑ አልመጣም። እማማ ከእኔ ጋር መኖር ጀመሩ። ጧት ጥቁሩን ለብሼ፣ ከእሳቸው ጋር ሻይ ጠጥቼ፣ ጅማ ከተማ መሐል ያለው የቡና መሥሪያ ቤታችን እሄዳለሁ። ከሊሙ ገነትና ከሌሎቹ የቡና ከተሞች የገባውን ቡና እደምራለሁ። ማታ እመለሳለሁ። ማንም በእኔ አይቸገርም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለክፍላችን አንድ ኮምፒዩተር መጣ፤ ከእሱ ጋር ጠሃ መጣ። የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነው። አባቱ ሐጂ ጅብሪል ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋሉ። አዲስ አበባ ኮርስ ወስዶ፣ ማሽኑን እንዲያስነሳና እንዲጠግን፣ እኔንም እንዲያስተምር ተመደበ።

ማሽኑ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዝ ትጠብቃለች። ሌላ ምንም የለም። ጠሃ ይህ ባዶነት አላስደሰተውም መሰለኝ። አንድ ቀን ጧት፣ የመስቀል ሰሞን፣ ሳበራው ከሰረዝና ከነቁጥ የተሠራ ደመራ ቆመ፤ ከጫፉ ላይ ከዋክብት እየተፈናጠሩ ወደ ላይ ወጡ፣ ነደደ፣ ወደ ቀኝ ወደቀ፣ ጠፋ። ከዚያ ሰረዟ ተመልሳ ብልጭ ድርግም አለች። ለኢድ ከቅንፍ የተሠራች ጨረቃ ቀስ ብላ ወጣች። ለክረምት ዝናብ ዘነበ፤ አንድ ትንሽ ሰውዬ ጥላ ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረና መሐል ላይ አንሸራተተው። ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ስክሪኑ ሌላ ቀለም አያውቅም።

የክፍሉ ሰው ጧት ጧት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወንበሬ ጀርባ መሰብሰብ ለመደ። ለፋሲካ ዶሮ መጥታ እንቁላል ስትጥል ኃላፊያችን ጓድ አብተው ደረሱብን። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስከ መጨረሻው አዩ።

«ጓድ ጠሃ፣ ይህች ዶሮ በዕቅዳችን ውስጥ አለች?»

«የለችም ጓድ። ከዕቅድ በላይ ናት።»

ታይፒስታችን ዙሀራ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ ተሰማ። ጓድ አብተውም ሊስቁ ከጀሉና ተመለሱ። እኔ አልሳቅሁም። ጠሃ ሁልጊዜ ከሁሉም በኋላ የሚያየው የእኔን ፊት እንደነበር ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

መጋቢት ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ቡናው ሲያብብ፣ በስክሪኑ ላይ የቡና አበባ መርገፍ ጀመረ። ትንንሽ ኮከቦች ከላይ ይነሳሉ፣ እየተወዛወዙ ይወርዳሉ፣ ታች ሲደርሱ ይጠፋሉ። ሌሎቹ አይተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

«ለምንድን ነው የሚጠፋው?» አልኩት። «አበባው መሬት ላይ ይቀራል እንጂ አይጠፋም።»

በማግስቱ ሳበራ አበባው እየወረደ ታች ተከማቸ፤ ተከመረ፣ ተቆለለ፣ እስከ ስክሪኑ ወገብ ደረሰ። ዞር ስል ጠሃ የደብዳቤ መክፈቻውን እያሻሸ መስኮት መስኮቱን ያያል። አንድ ሰው የተናገርኩትን ተራ ነገር ይዞ ሙሉ ቀን እንደዋለበት አሰብኩ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝም። ግን ያን ቀን ድምሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

በዚያው ወር ለቆጠራ ሊሙ ገነት ሄድን። ላንድሮቨሩ ከቡናው መሐል ቆሞ ሾፌሩ ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ነው፤ ሽታው በመስኮቱ ይገባል።

«ወይዘሮ ብርሃንነሽ» አለኝ ከፊት ወንበር ሳይዞር፣ «የምልዎት ነገር አለ። ይህን ስል ቤተሰብዎን አውቃለሁ፣ የእኔንም አውቃለሁ። የትኛው ቤት መጀመሪያ እንደሚጮህ አላውቅም።»

«እንግዲያስ አትበለው።»

«እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን እንደሚወደኝ ነገረኝ። ሾፌሩ ጀሪካኑን ይዞ መጣ። እኔ መልስ አልሰጠሁም። እሱም አልደገመውም። ነሐሴ ላይ ግን ወደ አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት መዛወሩ ተነገረ፤ የበዓሉ ሰሞን ሲያልፍ፣ መስከረም አራት ቀን ማክሰኞ ይሄዳል። ያን ቀን ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ እንቁጣጣሽ እጠብቃለሁ። አይሆንም ካሉኝም ከአፍዎ ልስማው። ዝምታዎን ይዤ መሄድ አልችልም» አለኝ።

ጳጉሜ ስድስት መጣች። ዓርብ ዋለች። እማማ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ይሄዱ ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ የሰፈሩ ሴቶች ምስርና ጎመን ያዘጋጃሉ። እኔ አንድ ሪፖርት በዓሉ ሳይገባ መፈረም ስለነበረበት ለጥቂት ጊዜ ቢሮ ወጣ አልኩ።

ኮምፒዩተሩን አበራሁት።

ስክሪኑ ከታች ጀምሮ አደይ አበባ ያበቅል ጀመር። በየመስመሩ ግንዱ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ አበባው ይፈነዳል፤ ሲሞላ መሐሉ ላይ አንድ ያልተነካ ቦታ ቀረ። መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። ከዚያ ቅርጽ እንዳለው አየሁ። ነጠላ የተከናነበች ሴት ናት፤ አበባው ዙሪያዋን ሞልቶ እሷ ግን ጥቁር ባዶ ሆና ቆማለች። ወዲያው አበቦቹ ከእግሯ ገቡ። ቀሚሷን ሸፈኑ፣ ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ ፊቷን። በመጨረሻ ሴትዮዋ የለችም፤ ሜዳው በሙሉ አደይ ነው። ከሥሩ በላቲን ፊደል «መልካም አዲስ ዓመት» የሚል ወጣ።

የፍስሐ ቀን ነው። አራት ዓመት የጠበቅሁት አንድ ቀን። ከሌላው ቀን ሁሉ መርጦ በእሱ ቀን ጥቁሬን ገፈፈኝ።

ጠሃ ሲገባ እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር።

«ይህን ዛሬ እንዲመጣ ያደረግኸው አንተ ነህ?»

ስክሪኑን አየና ደነገጠ። «ዛሬ? ዛሬ መምጣት አልነበረበትም። ለነገ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ነው የሠራሁት።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ጳጉሜ ስ…» ግንባሩን በእጁ መታ። «ወላሂ ስድስተኛዋን ረሳኋት! ለማሽኑ ቀኑን የነገርኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ሲሆን አውጣ አልኩት። ሁሌ መስከረም አንድ በዚያ ቀን ነው የሚውለው፤ ዘንድሮ ግን ስድስተኛዋ ጳጉሜ ገፋችው። እንዴት እሷን…»

«አንተ ረስተሃታል» አልኩት። «እኔ አልረሳሁም።»

አጥፍቼው ወጣሁ። ሪፖርቱን አልፈረምኩም። ኮሪደሩ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ የዙሀራን ድምፅ ሰማሁ፤ «ያ ጠሃ! አንተ ዕውር! የባሏ ቀን እኮ ነው!» ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ወደ ቤት ስሄድ ያለቀስኩ መስሎኝ ፊቴን ነካሁት። ደረቅ ነበር።

እንግዳ መምጣት የጀመረው ከቀትር በኋላ ነው። ካህናቱ ጸልየው ከተቀመጡ ወዲህ፣ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞቹ ከጁምዓ ሲመለሱ እየተከታተሉ ገቡ። በሰፈራችን በሌላ ጊዜ ለእነሱ ለብቻ ታርዶ፣ በሌላ ድስት ተሠርቶ፣ በሌላ በኩል ይቀርባል። ማንም በዚህ አይከፋም፤ የቆየ ነው። ያን ቀን ግን ዓርብ በመሆኑ ሥጋ የለም። ሥጋ ከሌለ ሁለት ማዕድ አያስፈልግም። እማማ ይህን ያስተዋሉት ሐጂ ጅብሪል ከበሩ ላይ ጫማቸውን ከጭቃው ሲጠርጉ ነው። ከኋላቸው ጠሃ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ሐጂ፣ ወደዚህ ይምጡ፣ ወደ እኔ» አሉ እማማ። «ዛሬ ሁላችንም ጎመን በላተኞች ነን። ይህ ልጅዎ ነው?»

«ልጄ ነው። አላህ ያጽናሽ ሸዋረገጥ።»

«ያጽናን። የልጄን የሠርግ ሱፍ የሰፉት እርስዎ ነበሩ።»

«አዎን። ትከሻው ሰፊ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት።» ሐጂ በዝግታ ቆረሱ። እኔ ምስር ልጨምርላቸው ጎንበስ ስል እጅጌዬን ያዝ አድርገው ወደ ብርሃን አዞሩት። ክርኑ ላይ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ሄዶ ድሩ ይታያል። «ይህም የእኔ ስፌት ነው።»

«አዎ፣ ሐጂ» አልኩ።

«ያኔ ለሐዘኑ የሰፋሁትን?»

«እሱኑ።»

ሐጂ እጅጌዬን ለቀቁና ወደ እማማ ሳያዩ ተናገሩ። «ሸዋረገጥ፣ ጠንካራ ጨርቅም ነበረኝ። ለአንድ ዓመት የሚበቃውን ነው የቆረጥኩላት። ልጅ ናት፣ ከዚያ በላይ ባይበረክት ይሻላል ብዬ።»

እማማ የሚያኝኩትን ውጠው፣ ወሬውን ለማዞር ይመስላል፣ ወደ ጠሃ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«ከወይዘሮ ብርሃንነሽ ጋር ነው፣ እማማ። ኮምፒዩተር ላይ።»

«እሱ ነገር ምን ያደርጋል?»

ጠሃ እኔን አየኝ፤ ዓይኔን ከእሱ አነሳሁ። «ቡና ይደምራል» አለ። «አንዳንዴ… አበባ ያሳያል።»

«የምን አበባ?»

«አደይ። ግን አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴ አደይ?»

«ሌላ ቀለም አያውቅም፣ እማማ።»

እማማ ሳቁ። አጭር ሳቅ ነበረች፣ ሳያስቡት ያመለጠቻቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በቤታችን ከዚያ በፊት መቼ እንደተሳቀ አላስታውስም። ጠሃ ግን አልሳቀም። ማዕዱን እያየ፣ «ዛሬ ጧት ያለ ቀኑ አወጣው» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈረንጅ የሠራው ማሽን ነው፤ ጳጉሜ የሚባል ወር የለውም። እንቁጣጣሽ ነው ብሎ በወይዘሮ ብርሃንነሽ ሐዘን ላይ አበባ አበቀለባቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

እማማ ሳቃቸው ጠፋ። «ጳጉሜ የለውም? ታዲያ በእሱ ቤት ልጄ መቼ ሞተ?»

«በእሱ… ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«እሱስ በስንት ዓመት ይመጣል?»

ጠሃ መልሱን ከመናገሩ በፊት የገባው መሰለኝ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «እሱ በየዓመቱ ይመጣል።»

በዳሱ ላይ ዝናብ መውረድ ጀምሯል። ሴቶቹ ድስቱን ወደ ውስጥ ይጎትታሉ። እማማ በጣታቸው የማዕዱን ጠርዝ እየዳሰሱ ቆዩ።

«በየዓመቱ» አሉ። «መጥቶ ነበራ። እየመጣ እያለፈ ነበራ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሐጂ የያዙትን ያንኑ እጅጌ ያዙ። የሳሳውን ቦታ በአውራ ጣታቸው አሹት፣ እንደ ቁስል። «አርጅቷል» አሉ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። አራት ዓመት ያላዘንኩላቸውን ያህል በዚያች ቅጽበት አዘንኩላቸው።

ጠሃን እስከ በሩ ሸኘሁት። አባቱ ቀድመው ወጥተዋል። ዝናቡ አባርቶ የጎረቤት ልጆች ለነገው አበባ ፍለጋ ወደ ወንዙ ይሮጣሉ።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ?» አልኩት።

«ነዎት።»

«አፍንጫዋ አያምርም።»

«ፊደል አነሰኝ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ቀኑን ባውቅ ማሽኑን በድንጋይ እሰብረው ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። እውነትም አውቄ ነበር። ከዚያ በላይ ግን የምለው አልመጣልኝም። እሱም አልጠየቀኝም። ሲሄድ በጭቃው ላይ ጫማው የሚያሰማውን ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጥኩት።

እንቁጣጣሽ በቤታችን በዝምታ ዋለ። እሑድ ጧት እማማ ሻያቸውን አስቀምጠው፣ «የሐጂ ልጅ መቼ ነው የሚሄደው?» አሉኝ። መሄዱን አልነገርኳቸውም ነበር። የነገረቻቸው ዙሀራ ትሆናለች።

«ማክሰኞ።»

«እህ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አሮጊት ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። ሃይማኖቱን የእኛ አድርጌ እንዳይ አትጠይቂኝ፤ አልችልም። ዘመዶችሽም አይችሉም። መንገዱ ከባድ ነው። ግን…» ሲኒያቸውን አዞሩት። «በእኔ አታመካኚ። ስሞት ሰዎች በእሷ ምክንያት ደርቃ ቀረች እንዲሉ አልፈልግም።»

«እማማ፣ እኔ የትም አልሄድኩም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉኝ።

ሰኞ ጥቁሩን ለብሼ ቢሮ ገባሁ። ሌላ ልክ የሚሆነኝ ልብስ አልነበረኝም። ጠሃ መሳቢያውን ባዶ አድርጎ ዲስኬቶቹን በጨርቅ ይጠቀልላል። «ነጋ ቡልቴ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ ዙሀራ፣ እንደወትሮዋ፤ ግን ወዲያው ወደ ታይፕራይተሯ ዞራ መምታቱን ጀመረች። በጣም ትመታ ነበር።

ኮምፒዩተሩን አበራሁት።

አደዩ ከታች በቀለ። ሜዳው ሞላ። ያች ሴት መሐሉ ላይ ባዶ ሆና ቆመች። ጠበቅሁ። አበቦቹ እግሯ ሥር ደርሰው ቆሙ። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከታች ጥግ ላይ ሰረዟ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ተበላሸ?» አልኩ ሳልዞር።

«አልተበላሸም።» ድምፁ ከኋላዬ መጣ፣ ቅርብ አልነበረም። «ቀየርኩት። በዚያኛው ላይ ሳልጠይቅዎ ነው የሸፈንኳት። አሁን ይጠብቃል።»

«ምን ይጠብቃል?»

«እርስዎን። ቁልፍ ሲነኩ ይቀጥላል። የፈለጉትን ቁልፍ። ካልነኩትም ችግር የለውም፣ እንዲሁ ትቆማለች። ማንም አይነካትም።»

የዙሀራ ታይፕራይተር ቆመ።

ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። አልተጫንኩትም። ስለ ፍስሐ አሰብኩ፤ ስለ መርዶው ሳይሆን፣ ሐጂ ጅብሪል ሲለኩት ትንፋሹን ይዞ ትከሻውን እንዴት እንዳሰፋና እኔ እንዴት እንደሳቅሁበት። ያን ሳቅ ከረሳሁት ቆይቻለሁ። እዚያው ነበር። ማንም አልወሰደብኝም። ሴትዮዋ በአበቦቹ መሐል ቆማ አየችኝ፤ ፊት የላትም፣ ግን አየችኝ።

ተጫንኩት።

አበባው ከእግሯ ገባ። በዝግታ ነበር፤ ከዓርቡ ይልቅ በጣም በዝግታ። ቀሚሷ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የተሰማኝ እጄ ነው። የደነዘዘ እጅ ሲነቃ እንደሚሆነው፣ መርፌ መርፌ እያለ ከጣቴ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። አመመኝ። ወገቧን ሲሸፍን የቁልፎቹ ገበታ ላይ የሆነ ነገር ጠብ አለ። ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ቀና አልኩ። ጣሪያው ደረቅ ነበር።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ ማሽኑ ይበላሻል!» አለች ዙሀራ፤ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። መሐረቧን ከደረቷ አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችልኝና በሩን ዘግታ ወጣች።

ጠሃ አልቀረበኝም። ጠረጴዛው አጠገብ፣ የተጠቀለሉትን ዲስኬቶች እንደታቀፈ ቆሟል።

«መጋቢት ላይ» አልኩት ፊቴን እየጠረግሁ፣ «ቡናው ሲያብብ፣ ማሽኑ ያሳየኛል?»

«ያሳያል። ቀኑን አስገብቼለታለሁ። እኔ ባልኖርም በራሱ ይወጣል።»

«ደምስሰው።»

ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ቶሎ ማለት ነበረብኝ፤ ግን የነቃ ምላስም እንደ እጅ ነው፣ መጀመሪያ አይታዘዝም።

«የማሽኑን አልፈልግም» አልኩት። «እሱ ሽታ የለውም። ቡናው ሲያብብ አንተው ና። ሊሙ ድረስ እንሄዳለን፤ እዚያ ያልከኝን እዚያው መልሼ እነግርሃለሁ። ማን መጀመሪያ እንደሚጮህ አብረን እናያለን።»

«እመጣለሁ፣ ብርሃንነሽ» አለ።

ወይዘሮ ሳይለኝ ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። አበባው የሴትዮዋን አንገት አልፎ ወደዚያ ወደማያምረው አፍንጫዋ ይወጣ ነበር፣ አረንጓዴ ሆኖ። እጄ አሁንም ያመኝ ነበር። ሕመሙ እንዳይቆምብኝ ፈራሁ።